የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ፤ ውጤቱ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




በውጭ አገር ለመማር የሚያመለክቱ ወጣቶች፣ እንዲሁም ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚዘጋጁ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ወደ እንግሊዝኛ መምህራን እየመጡ የሚያቀርቡት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ስንት ማምጣት ይኖርብኛል?» ይላሉ። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ከሚያመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ የተላከላቸው ወረቀት ቁጥር ይጠይቃልና። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ፈተና የሚለካው ምንን ነው?» የሚለው ነው። ይህ ሳይመለስ የቀረ እንደሆነ ተፈታኙ ገንዘቡንና ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል። ከዚያም የከፋው ነገር፣ በአንድ ቀን ጠዋት ያገኘውን ቁጥር የአእምሮው ልክ አድርጎ ተቀብሎ ከመማር አሳቡ ይመለሳል። መምህሩም ቢሆን የማይለካውን ይለካል ብሎ ከመምከር፣ የሚለካውንም ንቆ ከማለፍ አይድንም።

የዚህ ንግግር ዓላማ የፈተናዎቹን አመጣጥና አሠራር በአጭሩ መግለጽ፣ ውጤቱ የሚመሰክረውን ከማይመሰክረው መለየት፣ በመጨረሻም ነገሩ ለኢትዮጵያ መምህር ምን ግዴታ እንደሚያስከትል ማመልከት ነው። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፈተናዎቹ አመጣጥ

ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው ላልሆነ ሰዎች ከተዘጋጁት የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎች መካከል ቀደምት የሆነው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1913 የጀመረው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ለፈተናው የቀረቡት 3 ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ሦስቱም ወድቀዋል። ፈተናው በጠቅላላው 12 ሰዓት ያህል የሚወስድ ሲሆን ትርጉምን፣ ሰዋስውን፣ የቋንቋውን ድምፆች ጥናት፣ ድርሰትን፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍንና የቃል ፈተናን ያጠቃልል ነበር። ይህን ያህል ሰፊ የሆነበት ምክንያት ለአንድ የተወሰነ ጉዳይ ስለታሰበ ነው፤ ይኸውም በየአገሩ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚፈልጉ ሰዎች ብቃታቸውን እንዲያረጋግጡበት ነው። ስለ ፊዚክስ ወይም ስለ እርሻ ለመማር ለሚሄድ ተማሪ የተዘጋጀ አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጎርፈው የውጭ አገር ተማሪ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ሌላ ዓይነት ፈተና አስፈለገ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አመልካቾችን በየአገራቸው ሳሉ፣ በአንድ ዓይነት መስፈርት፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መመዘን የግድ ሆነ። በዚህ ምክንያት ቶፌል በመባል የታወቀው ፈተና በ1964 መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዘመን የፈተና ሊቃውንት በሁለት ጎራ ተከፍለው ነበር። ሮበርት ላዶ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ቋንቋን ወደ ድምፅ፣ ወደ ቃልና ወደ ሰዋስው ዘርዝሮ እያንዳንዱን ለየብቻ መፈተን የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። ጆን ካሮል ደግሞ በዚያው ዓመት ባቀረበው ጽሑፍ ሰው ቋንቋን በተግባር ሲጠቀም እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ስለሚያንቀሳቅስ፣ ፈተናውም የተዋሐደውን ችሎታ መንካት አለበት ሲል ተከራከረ። ለብዙ ዓመታት ያሸነፈው የመጀመሪያው መንገድ ነበር፤ የምርጫ ጥያቄ ለማረም ቀላል፣ ለማነጻጸርም የሚያመች ነውና።

ይሁንና የምርጫ ጥያቄ አሳሳች መሆኑ ውሎ አድሮ ታየ። ከአራት መልሶች አንዱን በትክክል የሚያጠቁር ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ አንድ ገጽ ዘገባ መጻፍ፣ በክፍል ውስጥ ተነሥቶ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ሲያቅተው ተገኘ። ከዚህም የተነሣ በ1986 የጽሑፍ ፈተና በቶፌል ላይ ተጨመረ፤ በ2005 በኢንተርኔት የሚሰጠው ቶፌል ሲመጣ ደግሞ ለብቻው ይሰጥ የነበረው የሰዋስው ክፍል ቀርቶ መናገር የፈተናው ቋሚ ክፍል ሆነ። በእንግሊዝ አገር በኩል በ1980 የተጀመረው ፈተና በ1989 ተሻሽሎ አይኤልትስ ተባለ። ይህ ፈተና በመጀመሪያ ለሕክምናው፣ ለቴክኖሎጂውና ለማኅበራዊ ሳይንሱ ተማሪ የተለያየ የንባብ ጽሑፍ ያቀርብ ነበር፤ ክፍፍሉ ቀስ በቀስ እየጠበበ ሄዶ በ1995 ሙሉ በሙሉ ስለ ተሻረ፣ ዛሬ ሐኪሙም መሐንዲሱም የሚፈተኑት በአንድ ዓይነት የትምህርት ነክ ንባብ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ፈተና ከሰማይ የወረደ ሚዛን አይደለም፤ አንድ ዘመን ስለ ቋንቋ የነበረው አስተሳሰብና አንድ ተቋም የነበረው ችግር ተጋግዘው የወለዱት መሣሪያ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ሲሻሻል ኖሯል፤ ወደፊትም መሻሻሉ አይቀርም።

የውጤቱ አሰጣጥ

አይኤልትስ አራት ክፍሎች አሉት። ማዳመጥና ማንበብ እያንዳንዳቸው 40 ጥያቄ አላቸው። በመጻፍ ክፍል ተፈታኙ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጽሑፎች ያቀርባል፤ አንደኛው ቢያንስ 150፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃላት ሲሆን፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ያህል ይመዝናል። መናገር ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ከፈታኝ ጋር በመነጋገር ይፈጸማል። ውጤቱ እስከ 9 በሚደርስ መለኪያ፣ በግማሽ ግማሽ ነጥብ ይሰጣል። ቶፌል በበኩሉ መለኪያውን ብዙ ጊዜ ለውጧል። በወረቀት ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ከፍተኛው ውጤት 677 ነበር፤ በ1998 በኮምፒውተር ሲጀመር 300፣ በ2005 ደግሞ 120 ሆነ፤ ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ ከ1 እስከ 6 የሚደርስ አዲስ መለኪያ ገብቷል። የዱሮ ተፈታኝ «550 አመጣሁ» ሲል የዛሬው ተማሪ ግራ የሚጋባው በዚህ ምክንያት ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ያወጣው ባለስድስት ደረጃ የቋንቋ ችሎታ ማዕቀፍ እነዚህን የተለያዩ ቁጥሮች በአንድ ቋንቋ ለማነጋገር ይረዳል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለመግቢያ የሚጠይቁትም በዚህ ማዕቀፍ አራተኛውን፣ ማለትም ቢ2 የተባለውን ደረጃ ወይም ከዚያ ከፍ ያለውን ነው።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ሁለት ተማሪዎችን በአሳብ እናስቀምጥ። የመጀመሪያዋ ተማሪ በማዳመጥ 7፣ በማንበብ 6.5፣ በመጻፍ 5.5፣ በመናገር 6 አገኘች እንበል። ድምሩ 25፣ አማካዩ 6.25 ይሆናል፤ በአይኤልትስ ደንብ ሩብ ነጥብ ወደሚቀጥለው ግማሽ ስለሚጠጋ አጠቃላይ ውጤቷ 6.5 ነው። ሁለተኛው ተማሪ በማዳመጥ 6.5 ከማግኘቱ በቀር በሌላው ሁሉ ከእርሷ ጋር እኩል ነው። ድምሩ 24.5፣ አማካዩ 6.125 ይሆናል፤ ይህም ወደታች ተጠግቶ 6 ይሰጠዋል። አዘጋጆቹ ባሳተሙት አማካይ ሠንጠረዥ መሠረት በማዳመጥ ከ40 ጥያቄ 30 የመለሰ ሰው 7 ያገኛል፤ 29 የመለሰው 6.5 ሊሆን ይችላል። እንግዲህ 6.5 በሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ እነዚህን ሁለት ተማሪዎች የለያቸው ምናልባት አንድ ጥያቄ፣ ምናልባትም በአንዲት ቅጽበት ከፈተናው አዳራሽ ውጭ የተሰማ የመኪና ጡሩምባ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ብዙ የትምህርት ክፍሎች ከአጠቃላዩ ውጤት ሌላ በእያንዳንዱ ክፍል ከ6 ያላነሰ ይጠይቃሉ። እንደዚህ ባለው ክፍል ያመለከተች እንደሆነ 6.5 ያገኘችው ተማሪም በመጻፍ 5.5 ስላላት ተቀባይነት አታገኝም። አጠቃላዩ ቁጥር ደካማውን ጎን ሸፍኖት ነበር። በመሆኑም ተፈታኙም ሆነ አማካሪው በመጀመሪያ ማንበብ ያለባቸው ከላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን ከሥር የተዘረዘሩትን አራቱን ነው።

ውጤቱ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

ማንኛውም ፈተና የመለኪያ ስሕተት አለው። ይህም ሲባል አዘጋጆቹ ተሳስተዋል ማለት አይደለም፤ ያው ሰው ያንኑ ፈተና በሌላ ሳምንት ቢወስድ፣ ችሎታው ሳይለወጥ ውጤቱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል ማለት ነው። የፈተና ድርጅቶቹ ራሳቸው የዚህን ስሕተት ግምት ያሳትማሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ቁጥሩን ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር አገናዝበው እንዲወስኑ ያሳስባሉ። የመግቢያ ነጥቡን የሚቆርጠው ፈተናው አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው ወይም የትምህርት ክፍሉ ነው። ከዚህም የተነሣ ያው 6 በአንዱ ዘንድ ሙሉ ቅበላ፣ በሌላው ዘንድ ከቋንቋ ማጠናከሪያ ትምህርት ጋር የሚሰጥ ቅበላ፣ በሦስተኛው ዘንድ እምቢታ ይሆናል። ተማሪው በአንደኛው «ብቁ»፣ በሦስተኛው «ብቁ ያልሆነ» ሲባል እርሱ ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው ውሳኔው ነው።

ውጤቱ የሚመሰክረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ተፈታኙ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት ለመከታተል የሚያስፈልገው ቋንቋ ምን ያህል እንዳለው ነው። የቋንቋ ችሎታ ካልታደሰ ስለሚደበዝዝ ውጤቱ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። የተማሪውን የሒሳብ እውቀት፣ ታታሪነት፣ የማሰብ ኃይል ወይም ጨዋነት ግን አይመሰክርም። በፈተናው ውጤትና ተማሪው በኋላ በዩኒቨርሲቲ በሚያገኘው ማርክ መካከል ያለውን ግንኙነት የመረመሩ ጥናቶች በአብዛኛው ያገኙት ደካማ ወይም መካከለኛ ዝምድና ነው። ለዚህም አንዱ ምክንያት ዝቅተኛ ውጤት ያገኙት በመጀመሪያ ስላልተቀበሉ በንጽጽሩ ውስጥ አለመግባታቸው ነው። ሌላው ምክንያት ደግሞ የቋንቋው ችሎታ ከሚፈለገው መጠን ካለፈ በኋላ ተማሪውን የሚጥለውም ሆነ የሚያነሣው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። ወንዝ ለመሻገር ድልድይ ያስፈልጋል፤ ከወዲያ ማዶ ያለውን እርሻ የሚያርሰው ግን ድልድዩ አይደለም።

ይህን ሁሉ በመስማት ፈተናውን መናቅ የሚከጅለው ሰው ይኖራል። እርሱም ይሳሳታል። አንድ ሰው የሚነገረውን ትምህርት መከታተል፣ የታዘዘውን ምዕራፍ በጊዜው አንብቦ መጨረስ፣ አሳቡን በጽሑፍ ማስረዳት ካልቻለ እውቀቱ ከውስጡ ታምቆ ይቀራል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ለዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን ለተማሪውም ይጠቅመዋል፤ በባዕድ አገር፣ በክረምት ብርድ፣ ከቤተሰቡ ርቆ ከሚያውቀው በአገሩ ሳለ ቢያውቀው ይሻላል።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋም እስከ ዛሬ እንግሊዝኛ ነው። በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ሲደነግግ፣ ይህንኑ የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ሥርዓት አጽንቷል። እንግዲህ «በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ስለ ምን እንደገና በእንግሊዝኛ ይፈተናል?» የሚለው ቅሬታ ከዚህ ይመነጫል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቹ በእንግሊዝኛ መማሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ከተማረበት ተቋም ሲያመጣ ፈተናውን ይተዉለታል። አብዛኞቹ ግን አይተዉም፤ በእንግሊዝኛ መማርና እንግሊዝኛን መማር አንድ አለመሆናቸውን ያውቃሉና።

የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ትልቁም ትንሹም «ማትሪክ» እያለ የሚጠራው የመልቀቂያ ፈተናና እርሱን የተካው የ12ኛ ክፍል ፈተና እንግሊዝኛን በምርጫ ጥያቄ ሲፈትኑ ኖረዋል። ተማሪው አንድ መስመር ሳይጽፍ፣ አንድ ቃል ሳይናገር የእንግሊዝኛ ውጤት ያገኛል። መምህሩ ከስድሳና ከሰባ ተማሪ ጋር ታጉሮ የእያንዳንዱን ድርሰት ለማረም ጊዜ ስለማያገኝ፣ ለፈተናው የማይጠየቀውን ትቶ የሚጠየቀውን ቢያለማምድ አይፈረድበትም። ፈተና ወደኋላ ተመልሶ ትምህርቱን ይገዛል። ከዚህ የተነሣ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በላይ በእንግሊዝኛ የተማረው ወጣት 250 ቃል ያለው ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፈው፣ ከማያውቀው ሰው ጋርም ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚነጋገረው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ በገባበት የፈተና ክፍል ውስጥ ይሆናል። በማንበብ 6.5 ያገኘው እጅ በመጻፍ ወደ 5.5 የሚወርደው ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ ያልተዘራ ስለማይታጨድ ነው።

ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። በ12ኛ ክፍል የፊዚክሱም፣ የባዮሎጂውም፣ የኢኮኖሚክሱም ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ነው። በ2022 በተሰጠው ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተማሪዎች 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያቶች ተደራርበዋል፤ ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ በቅጡ ያልተረዳ ተማሪ ስለ ጉዳዩ ያለውን እውቀት ማሳየት እንደማይችል ማንም መምህር በክፍሉ ውስጥ የሚያየው ነው። በስም የፊዚክስ የሆነው ፈተና በግብር የእንግሊዝኛም ፈተና ነው። ስለሆነም ጉዳዩ ባሕር ተሻግረው የሚሄዱትን ጥቂቶች ብቻ የሚመለከት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የመምህሩ ድርሻ

በአገሪቱ የቆየ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ምሳሌ አለ። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ቅኔ መማሩ የሚታወቀው ስለ ቅኔ ተጠይቆ መልስ በመምረጡ አይደለም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየቀኑ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ጆን ካሮል በ1961 የተከራከረለት የተዋሐደ ችሎታ በዚያ ጉባኤ ከጥንት ጀምሮ ሲፈተን ኖሯል። መማሩና መፈተኑም አልተለያዩም።

ከዚህ በመነሣት ለማኅበሩ አባላት አራት ነጥቦች ሊቀርቡ ይችላሉ።

አንደኛ፣ በየሳምንቱ አንድ አንቀጽ ማስጻፍ ይገባል። ሰባውንም ማረም ካልተቻለ በየተራ አሥሩን ማረም፣ የቀሩትን እርስ በርሳቸው እንዲተራረሙ ማድረግ ይቻላል። በተለይም የእንግሊዝኛው ድርሰት አንባቢ ዋናውን አሳብ ከመጀመሪያው እንደሚጠብቅ፣ ረጅም መግቢያና ሰላምታ እንደማይሻ ለተማሪው ማሳየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ተማሪው ንግግር እያዳመጠ ማስታወሻ እንዲይዝ፣ ያዳመጠውንም በራሱ ቃል ለሁለት ደቂቃ እንዲናገር ማለማመድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከአንድ ስልክ ወይም ሬዲዮ አያልፍም። መሣሪያው በሌለበት መምህሩ ራሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ለአማካሪነት ሲጠየቁ ተማሪውን ወደ ፈተና ከመላክ በፊት የሚያመለክትበትን የትምህርት ክፍል መስፈርት በየክፍሉ ማንበብ፣ ማስረጃው የሚያገለግልበትን ጊዜ ከማመልከቻው ቀን ጋር ማስተያየት፣ ፈተናው የሚቀርበት ዕድል እንዳለም መጠየቅ ይገባል። አንዴ ተፈትኖ ያልሞላለት ተማሪ ሳይሠራ በሚቀጥለው ወር ቢፈተን የሚያገኘው በመለኪያው ስሕተት ውስጥ ያለውን መዋዠቅ ነው። የፈተናው ክፍያ ለብዙ ቤተሰብ የወር ገቢን የሚያናጋ ስለሆነ ይህን መንገር የመምህር ኃላፊነት ነው።

አራተኛ፣ በቃል የተጠና ድርሰት ለሚሸጡ ሰዎች ተማሪን አሳልፎ አለመስጠት ነው። ፈታኞች የተሸመደደ መልስ ለመለየት የሠለጠኑ ናቸው፤ ባይለዩት እንኳ ያ ሽምደዳ ዩኒቨርሲቲ ከተገባ በኋላ ለመጀመሪያው የቤት ሥራ አይሆንም።

የተከበራችሁ አባላት፣

በሚቀጥለው ወር አንድ ተማሪ የውጤት ወረቀቱን በእጁ ይዞ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ወደ አንዱ መምህር ይመጣል። «ጋሼ፣ 6 ብቻ ነው ያመጣሁት» ይላል። መምህሩ ያን ጊዜ ሁለት ስሕተቶች ከፊቱ ተደቅነው ያገኛቸዋል። አንደኛው «ፈተናው የማይረባ ነው፤ ተወው» ማለት ነው፤ ሁለተኛው «እንግዲህ ልክህ ይኸው ነው» ማለት ነው። ሁለቱም ተማሪውን ባዶ እጁን ይመልሱታል። ትክክለኛው መልስ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ከትልቁ ቁጥር በታች ያሉትን አራቱን ቁጥሮች አንብቦ፣ «መጻፍ ላይ ነው የቀረብህ፤ ይህም አንተ ያልቻልኸው ሳይሆን በትምህርት ቤት ሳለህ ያልተሰጠህ ነው፤ ከነገ ጀምሮ በየቀኑ አንድ አንቀጽ ይዘህ ና» ማለት ነው። ይህን የሚል መምህር ያንን ተማሪ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያው ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን የሚጠብቁትንም ይረዳል፤ ለአንዱ የተጀመረው አንቀጽ ለሌሎቹም ይተርፋልና።